ሰባት ቤት ቆጥሮ ፕሮሰሰር መግዛት

ጥር ሲገባ እንፍራንዝ ውስጥ ሥራ የሚፈታ ሰው የለም። ድንኳን አከራዩ ከአንዱ ግቢ ነቅሎ ሌላው ግቢ ይተክላል፤ ፀጉር ሠሪዋ ሌሊት ዘጠኝ ሰዓት ላይ ትቀሰቀሳለች፤ ሚዜ የተባለው ጎረምሳ ሱፍ ፍለጋ ይዞራል። ደግነቱ የእነዚህ ሁሉ ሥራ ከሰርጉ ጋር ያልቃል። ጠላው ተጠጥቶ፣ ድንኳኑ ተነቅሎ፣ ሰው ሁሉ ወደየቤቱ ከገባ በኋላ መከራው የሚጀምረው አንድ ሰው ነው፦ ቪዲዮ ቀራጩ።

የአክስቴ ልጅ ይህን ሥራ ይዟል። ከባሕር ዳር ጎንደር በሚወስደው አስፋልት ዳር ባለ አንድ ክፍል ፎቶ ቤት አለችው። ሙሽሮቹን ኮረብታው ላይ ያወጣና በአፄ ሠርፀ ድንግል ዘመን (1563–1597 እ.ኤ.አ.) እንደተሠራ በሚነገርለት የጉዛራ ግንብ ፊት አቁሞ ይቀርፃቸዋል። ግንቡ አራት መቶ ዓመት ታግሦ ቆሟል። የሙሽራዋ አባት ግን ያን ያህል ትዕግሥት አልተሰጣቸውም።

«አንተ ልጅ» አሉት አንድ ቀን በሩ ላይ ቆመው፣ «የልጅ ልጄ ክርስትና ሊነሣ ነው እኮ። የእናቱን ሰርግ መቼ ነው የምታሳየን?»

«አባባ፣ ሬንደር እየተደረገ ነው፤ ትንሽ ነው የቀረው።»

«ባለፈውም ይህንኑ ነበር ያልከኝ። ይኼ ሬንደር የምትለው ሰውዬ የት ነው ያለው? እኔ ራሴ ላናግረው።»

ሰውዬው ጠረጴዛ ሥር ነበር። ከውጭ አገር ቢሮ ጡረታ ወጥቶ በመርከብ የመጣ፣ ኮር አይ ስሪ 4130 የተባለ ባለ ሁለት ኮር ፕሮሰሰር የያዘ፣ ጥቁር ዴስክቶፕ ነው። እ.ኤ.አ. በ2013 ሲወለድ ደብዳቤ እንዲጽፍና የደመወዝ ሰንጠረዥ እንዲደምር ታስቦ ነው። እንፍራንዝ መጥቶ የጎንደርን እስክስታ በሴኮንድ ሃምሳ ምስል አድርገህ አሳይ ሲሉት የሚሆነውን ሆነ። የልጅቷ ትከሻ ስክሪኑ ላይ ቆም፣ ነጠቅ፣ ቆም ሲል የሚንቀጠቀጠው ትከሻው ይሁን ኮምፒውተሩ መለየት አይቻልም ነበር። ማታ ሬንደር ተጭኖ ይታደራል። ሊነጋጋ ሲል ዘጠና ሰባት በመቶ ላይ መብራት ይሄዳል።

በዚህ መሀል ነው አሜሪካ ያለው ዘመዳችን፣ «ለሥራህ ይሆንሃል» ብሎ በሰው እጅ አንድ ግራፊክስ ካርድ የላከለት። አርኤክስ 580 ይባላል፤ 8 ጊጋ፣ ሁለት ማራገቢያ ያለው፣ ክብደቱ እጅ የሚያስረዝም። አክስቴ ከካርቶኑ ሲወጣ አይታ፣ «ሁለት ትንንሽ ከሚያደርገው ምነው አንድ ትልቅ ማራገቢያ በላከ» አለች። እንዲህ ያለው ካርድ ከየት ተረፈ ብሎ ለሚጠይቅ መልሱ ሩቅ ነው። ኢቴሪየም የተባለው ዲጂታል ገንዘብ ለዓመታት የሚቆፈረው በግራፊክስ ካርድ ነበር። መስከረም 5 ቀን 2015 ዓ.ም. አሠራሩን ሲቀይር ቆፋሪዎቹ ካርዶቻቸውን በጅምላ ገበያ ላይ ዘረገፏቸው። የእኛም ካርድ ምናልባት ቀንና ሌሊት ሲቆፍር ኖሮ ነው ሰርግ ላይ የተጠራው።

ችግሩ ካርዱ ጥሩ መሆኑ ነው። መጥፎ ቢሆን ኖሮ መደርደሪያ ላይ ተቀምጦ ነገሩ ያበቃ ነበር። ጥሩ ስለሆነ ግን ለእሱ የሚመጥን ፕሮሰሰር መፈለግ ግድ ሆነ፤ ፍለጋው ደግሞ ወደ እኔ መጣ። በየቤተሰቡ «እሱ ኮምፒውተር ያውቃል» የሚባል አንድ ሰው አይጠፋም። እኔ ባሕር ዳር ፖሊ የተማርኩት ሲቪል ኢንጂነሪንግ ነው፤ አክስቴ ግን «ፖሊ» ከሚለው ቃል በኋላ ያለውን ሰምታ አታውቅም። እንደ እድል ሆኖ ፕሮሰሰር መበርበር የድሮ አመሌ ነው።

አንባቢ ጉዳዩ እንዲገባው ከራሳችን ባህል ልነሣ። በአገራችን ጋብቻ ሲታሰብ ሽማግሌዎች ይቀመጡና እስከ ሰባት ቤት ይቆጥራሉ። የሚቆጠረው እንዳይዛመዱ ነው። የፕሮሰሰር ጋብቻ ደግሞ የተገላቢጦሽ ነው፤ ዘመድ ካልሆነ አይጋባም። ኢንቴል ፕሮሰሰሮቹን በትውልድ ይቆጥራል፤ ነጋዴዎቻችንም «ስንተኛ ጄኔሬሽን ነው?» ይላሉ። 4130 ሲባል የፊተኛዋ አራት ቁጥር አራተኛ ትውልድ ማለቷ ነው። ያ ትውልድ የሚቀመጥበት ሶኬት 1150 ይባላል፤ 1150 የመገናኛ ነጥብ አለው። ስድስተኛው ትውልድ እ.ኤ.አ. በ2015 ሲመጣ 1151 ሆነ። አንዲት ነጥብ ጨምሮ ዘሩን ለወጠ፤ ከአራተኛው ማዘርቦርድ ጋር እስከ ወዲያኛው ተለያዩ። ከዚያ የባሰው እ.ኤ.አ. በ2017 መጨረሻ ተከተለ። ስምንተኛው ትውልድ እሱም 1151 ነው፤ ቁጥሩ አንድ፣ መልኩ አንድ፣ ሶኬቱ ውስጥም ገጥሞ ይቀመጣል፤ በስድስተኛውና በሰባተኛው ማዘርቦርድ ላይ ግን አይሠራም። እንዲህ ያለ ዘመድ እኛም ጋ አለ፤ በስም አንድ ነን ይላል፣ ለቅሶ ላይ አይታይም።

የኢንቴል ተፎካካሪ የሆነው የኤኤምዲ ቤት እስከ ቅርብ ጊዜ የተለየ ነበር። ኤኤም 4 የሚባለው ሶኬታቸው እ.ኤ.አ. ከ2017ቱ የመጀመሪያዎቹ ራይዘኖች ጀምሮ እስከ 2024ቱ ራይዘን 7 5700ኤክስ3ዲ ድረስ ሰው አላስወጣም። ማዘርቦርዱ ባዮሱ ከታደሰና አምራቹ ከፈቀደ፣ የዛሬ ስንት ዓመት የተገዛ ቦርድ ላይ አዲስ ልጅ መዳር ይቻላል። በትንሽ ገንዘብ ፕሮሰሰር መቀየር ለሚያስብ ሰው ከዚህ የተሻለ ቤተሰብ አላውቅም። የአክስቴ ልጅ ግን ያገባው እዚያ ቤት አይደለም።

ጉዳዩ በከተማው ሲሰማ ፎቶ ቤቱ የሽማግሌ መቀመጫ ሆነ። በመጀመሪያ የመጡት አስተማሪ ናቸው። «የእርስዎ ልጅ» አሉ ወደ አክስቴ ዞረው፣ «ገንዘቡን ሊያባክን ነው። ያለው ፕሮሰሰር 3.4 ጊጋኸርዝ ነው። ሊገዛው ያሰበው ኮር አይ ሰቨን 4770ም 3.4 ጊጋኸርዝ ነው። አይ ፋይቭ 4570ን ካላችሁኝ ደግሞ ጭራሽ 3.2 ነው። ቁጥር አይዋሽም።»

ቁጥሩ በእርግጥ አልዋሸም፤ ሦስቱም ሣጥን ላይ የተጻፈው ልክ እንዳሉት ነው። ያልተጻፈው ስንት ሆነው እንደሚሠሩ ነው። አይ ስሪው ሁለት ኮር አለው። አይ ፋይቩ አራት አለው፤ አይ ሰቨኑም አራት፣ ግን እያንዳንዱ ኮር ሁለት ሥራ በአንድ ጊዜ ስለሚይዝ ዊንዶውስ ስምንት አድርጎ ያየዋል። ሥራ ሲበዛበትም እስከ 3.9 ጊጋኸርዝ ይነሣል፤ አይ ስሪው ያችኑ 3.4 ይዞ ይቀራል። አጠገብ የሚያስቀምጡት ጊዜያዊ ማኅደር፣ ካሽ የሚባለው፣ ለአይ ስሪው 3 ሜጋባይት፣ ለአይ ሰቨኑ 8 ነው። ይህን ሁሉ ካስረዳሁ በኋላ አስተማሪው ዝም ብለው ቆዩና፣ «ታዲያ ለምን ሣጥኑ ላይ አይጽፉትም?» አሉ። ትክክለኛ ጥያቄ ነው።

ሁለተኛው አማካሪ ባንክ የሚሠራ ወጣት ነው፤ ላፕቶፑን በብብቱ ይዞ መጣ። «እኔ የያዝኩት ኮር አይ ሰቨን ነው» ይላል በየዓረፍተ ነገሩ መሀል። እኛ አገር «አይ ሰቨን» ከተባለ በኋላ ተጨማሪ ጥያቄ የሚጠይቅ የለም፤ ማዕረጉ ይበቃል፣ ዘሩን የሚቆጥር ጠፍቷል። ገልብጠን ስናየው 4500ዩ ሆነ። መጨረሻው ላይ ያለችው ዩ ትንሽ ባትሪ እንዲቆጥብ የተሠራ መሆኑን ትናገራለች፤ ባለ ሁለት ኮር፣ 15 ዋት፣ መነሻው 1.8 ጊጋኸርዝ። የጠረጴዛው አይ ፋይቭ 4570 በሬንደር ጥሎት ይሄዳል። ወጣቱ ላፕቶፑን መልሶ ብብቱ ውስጥ ከተተው። ከዚያ ቀን ወዲህ «ላፕቶፕ» ብቻ ነው የሚለው።

ሦስተኛው ስልክ ጠጋኙ ልጅ ነው፤ ዩቲዩብ ላይ ያድራል። ማዳመጫውን ካንዱ ጆሮው ሳያወጣ፣ «ይኼ ፕሮሰሰር ካርዱን ቦትልኔክ ያደርገዋል» አለ። ምን ማለት ነው ሲሉት፣ «ያው... ቦትልኔክ ነዋ» አለ። ከሦስቱ ትክክል የነበረው እሱ ነው፤ ስላላብራራው ግን ማንም አልሰማውም።

ነገሩ እንዲህ ነው። ጌም የሚጫወት ሰው ኮምፒውተር ላይ፣ እያንዳንዱ ምስል ከመሣሉ በፊት ማን የት እንደቆመ፣ ኳሱ ወዴት እንደሄደ የሚያሰላውና ለካርዱ ትእዛዝ የሚያቀብለው ፕሮሰሰሩ ነው፤ ሥዕሉን የሚሥለው ካርዱ። ፕሮሰሰሩ በሴኮንድ አርባ ትእዛዝ ብቻ ካቀበለ፣ መቶ መሣል የሚችለው ካርድ ስድሳውን ያህል ጊዜ እጁን አጣጥፎ ይቀመጣል። ሰርግ ላይ የሥራ ክፍፍሉ ይለያል። ከካሜራው የመጣው ፋይል የታመቀ ነው፤ ያን የመፍታት፣ ድምፁን የማቀናበርና የተቆራረጠውን የመከታተል ሸክም በአብዛኛው ፕሮሰሰሩ ጫንቃ ላይ ነው። የቀለም ማስተካከያው፣ ማሳነስና ማሳደጉ፣ አንዳንዱ ማሸጋገሪያ ለካርዱ ይሄዳል። ፕሪሚየር የተባለው የቪዲዮ መቁረጫ ፕሮግራም ከ2020 (እ.ኤ.አ.) ወዲህ መጨረሻ ላይ ቪዲዮውን መልሶ የማመቁን ሥራ ለግራፊክስ ካርዱ ሊሰጥ ይችላል፤ ይህ ብቻ የስንቱን ሌሊት ሬንደር እንዳሳጠረ ሰርግ ቀራጭ ይመስክር።

ማን ማንን እንደሚያስጠብቅ ለማወቅ ሽማግሌ አያስፈልግም። ሥራው እየሄደ ታስክ ማናጀርን ከፍቶ ማየት ነው። ፕሮሰሰሩ መቶ በመቶ ላይ ተሰቅሎ ካርዱ ሠላሳና አርባ ላይ ከተኛ ገንዘቡ ለፕሮሰሰር ነው። ካርዱ መቶ ነክቶ ፕሮሰሰሩ ከተዝናና ለካርድ ነው። ሁለቱም ተዝናንተው ሥራው ካልሄደ ሃርድ ዲስኩን ጠይቁት፤ በዚህ አገር ከሚሸጡ ፕሮሰሰሮች ስንቶቹ የሃርድ ዲስክን ጥፋት ተሸክመው እንደተባረሩ ብናውቅ እናዝን ነበር። እኛ ስናይ አይ ስሪው መቶ ላይ ነበር፤ ኤስኤስዲም አለው። ስለዚህ ፍርዱ ግልጽ ሆነ። ካርዱን ግን ገና አልሰካነውም ነበር፤ ምክንያቱም አልገባም።

አልገባም ስል በሁለቱም በኩል ነው። ርዝመቱ የሃርድ ዲስኩን መቀመጫ ይነካል። ቢገባም የሚበላው የለም። አርኤክስ 580 እስከ 185 ዋት ይጠጣል፤ ማዘርቦርዱ በመሰኪያው በኩል የሚሰጠው ግን 75 ዋት ነው፤ የቀረውን በተለየ ገመድ ከፓወር ሳፕላዩ መውሰድ አለበት። የቢሮ ኮምፒውተር ፓወር ሳፕላይ ደግሞ እንዲህ ያለ እንግዳ ይመጣል ብሎ ገመድ አላዘጋጀም። ፓወር ሳፕላዩን እንቀይር ቢባል መሰኪያው የፋብሪካው የራሱ ቅርጽ ነው፤ ገበያ ላይ ያለው አይገጥምም፣ ማገናኛ ገመድ መፈለግ ሊኖርብን ነው። ትልቅ ካርድ ማለት ትልቅ ዩፒኤስም ማለት ነው። መብራት ሲሄድ ትንሿ ዩፒኤስ «ጢጥ ጢጥ» እያለች የምትሰጠው ጊዜ ፋይል ሴቭ ለማድረግ እንዲበቃ ጭነቱ ቀለል ማለት አለበት። ከጣና የወጣ ውኃ በ1956 ዓ.ም. ጢስ ዓባይ ላይ፣ በ2002 ዓ.ም. ደግሞ በለስ ላይ 460 ሜጋ ዋት እንዲያመነጭ ተደርጓል። ሐይቁ አጠገብ የሚኖረው የአክስቴ ልጅ ከዚያ ሁሉ ለአንድ ሬንደር የሚበቃውን ያህል ሳይቆራረጥ ቢያገኝ ሌላ ጥያቄ አልነበረውም።

ስልክ ወደ አዲስ አበባ ተደወለ። «ሲፒዩ ስንት ነው?» አልኩ። ሰውዬው የነገረኝ ዋጋ አስደነገጠኝ፤ ለካስ ሙሉውን ሣጥን ነው። እኛ አገር ሲፒዩ ሲባል ሣጥኑ እንደሆነ ረስቼ። «ውስጥ ያለችውን ፕሮሰሰሯን ብቻ» አልኩት። «እሷንማ ቆይ ልይልህ» ብሎ ጠፋ። ተመልሶ የጠራው ዋጋም አላስደሰተኝም።

«ወንድሜ፣ ይህ ፕሮሰሰር ከወጣ ከአሥር ዓመት በላይ ሆኖታል እኮ።»

«ዶላር ጨምሯል።»

«ዶላር ከመጨመሩ በፊት ነው አንተ ጋ የመጣው።»

«ቢመጣስ፣ የሚተካው በስንት ይመጣል?»

ለዚህ መልስ የለኝም። ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. የብር ምንዛሪ በገበያ እንዲወሰን ሲለቀቅ ሃምሳ ሰባት ብር የነበረው ዶላር በጥቂት ሳምንት ውስጥ መቶን አልፎ ሄዷል። ከዚያ ወዲህ መደርደሪያ ላይ የተቀመጠ ዕቃ ሁሉ ተቀምጦ ያረጃል፣ ተቀምጦም ይወደዳል። ቅናሽ ፕሮሰሰር የሚለውን ቃል ከዚያ ቀን ጀምሮ ትርጉሙን ከመዝገበ ቃላት ሳይሆን ከሻጩ ፊት ነው የምናነበው።

ያም ሆኖ ሒሳቡን በወረቀት ሠራነው። አንደኛው መንገድ ካርዱን አክብሮ ቤቱን ሁሉ መቀየር ነው። ራይዘን 5 5500 ስድስት ኮር አለው፤ እ.ኤ.አ. በ2022 ሲወጣ ዋጋው 159 ዶላር ነበር፤ ለአርኤክስ 580 ከበቂ በላይ ነው። ግን ብቻውን አይመጣም። የኤኤም 4 ማዘርቦርድ ይፈልጋል። ማዘርቦርዱ ዲዲአር 4 ራም ይፈልጋል፤ ያለው ዲዲአር 3 ስለሆነ አይሆንም። ካርዱ ባለ 500 ዋት ፓወር ሳፕላይ ይፈልጋል። እነዚህ ሁሉ የሚገቡበት ኬዝ ያስፈልጋል። በወረቀቱ ላይ አንዱን ፕሮሰሰር ስንጋብዝ አማቶቹ፣ ዋርሳዎቹና የዋርሳዎቹ ጎረቤቶች ተከትለው ገቡ። የአክስቴ ልጅ ድምሩን አየና፣ «ጋሼ፣ በዚህስ እኔ ራሴ አገባበታለሁ» አለ። አክስቴ ከጓዳ ሆና ስትሰማ ኖሮ፣ «ይህን ቀድሞ ያሰበ ሰው የለም እንዴ? ለኮምፒውተሩ ሰባት ቤት የምትቆጥሩት ለልጄ ማን ይቁጠርለት?» አለች። ያ ውይይት የራሱ ቀን ይፈልጋል ተብሎ ተላለፈ።

ዚዮን የተባለውን የኢንቴል ፕሮሰሰር የሚመክሩም ነበሩ። ዚዮን ኢ3 1231 ቪ3 እዚያው ሶኬት ላይ ይቀመጣል፤ እንደ አይ ሰቨኑ ባለ አራት ኮር ስምንት ክር ነው፤ ርካሽ ሆኖ ሊገኝ ይችላል። ግን የራሱ ግራፊክስ የለውም። ካርዱ የተበላሸ ቀን ስክሪኑ ጥቁር ይሆናል፤ ሰርግ በደረሰ ሳምንት ማለት ነው። የአይ ሰቨኑ የውስጥ ግራፊክስ ደግሞ ዝም ብሎ የተቀመጠ አይደለም፤ ክዊክ ሲንክ የሚባለው ክፍሉ ኤች 264 ቪዲዮ ሲፈታና ሲያምቅ ያግዛል። በዚያ ላይ የቢሮ ኮምፒውተር ባዮስ ዚዮንን አውቆ ይቀበል አይቀበል አስቀድሞ መጣራት አለበት። ለጌም ተጫዋች እሺ ልል እችላለሁ፤ ለሰርግ ቀራጭ አልመክርም።

እንዲህ ስንጨቃጨቅ እንፍራንዝ ራሷ መልሱን ቀደም ብላ እንደሰጠች አስታወስኩ። በ17ኛው መቶ ዘመን ከአክሱም ተሰድዶ እዚህ የሰፈረው ፈላስፋው ዘርዐ ያዕቆብ፣ ሀብቱ የሚባል ባለጸጋ ዘንድ ተጠግቶ መጽሐፍ ሲገለብጥና ልጆች ሲያስተምር ኖሯል ይላል በስሙ የሚጠራው ሐተታ የተባለው መጽሐፍ። የቤቱን አገልጋይ ኂሩትን ለትዳር ጠየቀ። ጌታዋ ገረድህ ትሁን ቢለው እሱ ግን ሚስቴ እንጂ ገረዴ አይደለችም፣ ባልና ሚስት በጋብቻ እኩያ ናቸው አለ። ሐተታውን በእርግጥ እሱ ጻፈው ወይስ የ19ኛው መቶ ዘመኑ ሚስዮናዊ ጁስቶ ዳ ኡርቢኖ የሚለውን ክርክር ጣሊያናዊው ምሁር ኮንቲ ሮሲኒ በ1920 (እ.ኤ.አ.) ከጫረው ወዲህ ምሁራን እየተሟገቱበት ነው። ማንም ይጻፈው፣ ለእኛ ጉዳይ ምክሩ ይሠራል። የምንፈልገው ውዱን ፕሮሰሰር ወይም ግዙፉን ካርድ ሳይሆን አንዱ ሌላውን ቆሞ የማያስጠብቅበትን ቤት ነው። ያለው ቤት ደግሞ አራተኛ ትውልድ፣ ዲዲአር 3፣ ትንሽ ፓወር ሳፕላይና ትንሽ ዩፒኤስ ነው። ለዚህ ቤት አርኤክስ 580 የሀብታም ልጅ ናት፤ ጥፋቷ የእኛ ድህነት ነው።

እናም እንዲህ ተደረገ። ባሕር ዳር ውስጥ ሌሊት ሌሊት ጌም የሚጫወት አንድ ተማሪ ጂቲኤክስ 1050 ቲአይ ይዞ ትልቅ ካርድ ሲፈልግ ነበር። ኬዙ ሰፊ፣ ፓወር ሳፕላዩ 550 ዋት፣ ፕሮሰሰሩ ራይዘን። ካርዶቹን ተለዋወጡ፤ ተማሪው በላዩ ጥሎሽ ጨመረ። 1050 ቲአይ እ.ኤ.አ. በ2016 የወጣ ባለ 4 ጊጋ ካርድ ነው፤ 75 ዋት ይበቃዋል፤ የተማሪው ዓይነት ያለ ተጨማሪ ገመድ ማዘርቦርዱ ላይ ብቻ ተሰክቶ ይሠራል። አዳዲሶቹ ስልኮችና ካሜራዎች የሚያወጡትን ኤችኢቪሲ የሚባለውን ፋይልም በአብዛኛው ራሱ ይፈታል፤ አራተኛ ትውልድ ፕሮሰሰር ይህን የሚፈታ ክፍል የለውም። «እ.ኤ.አ. በ2022 የወጣ አዲስ ካርድ ብገዛስ?» ላለው የስልክ ጠጋኝ ልጅ ደግሞ አርኤክስ 6500 ኤክስቲ ከማዘርቦርዱ ጋር የሚነጋገረው በአራት መስመር ብቻ ስለሆነ አሮጌ ቦርድ ላይ ጉልበቱን እንደሚያጣ ነገርኩት። ደስ አለው። ለሳምንቱ የሚበቃ ዩቲዩብ አገኘ።

በጥሎሹ ላይ ትንሽ ተጨምሮ አይ ሰቨን 4770ው ከአዲስ አበባ በሚኒባስ ሹፌር እጅ መጣ፤ በጥጥ ተጠቅልሎ፣ የመድኃኒት ካርቶን ውስጥ። ከመሰካቱ በፊት ባዮሱን አደስን። የድሮውን ፕሮሰሰር ስናነሣ ከላዩ ያለው ቴርማል ፔስት ደርቆ እንደ ሸክላ ይፈረፈር ነበር፤ ማራገቢያው ላይ ያለው የአስፋልት ዳር አቧራ ደግሞ ተጠርጎ አንድ ጭብጥ ሞላ። 4770 ከአይ ስሪው 30 ዋት ገደማ የበለጠ ስለሚሞቅ ፔስቱ መታደሱና አቧራው መጠረጉ ግዴታ ነው፤ ያለዚያ ይሞቅና ራሱን ያዘገያል፣ ገንዘቡም በሙቀት ይተናል።

እስክስታው አሁን ሳይቆም ይሄዳል። ቀድሞ ታድሮበት የሚነጋው ሬንደር መብራት ከመሄዱ በፊት ያልቃል፤ የሙሽራዋ አባትም ፍላሹን ተቀብለው ሄዱ። የቀረው እንከን የዊንዶውስ ነው። ማይክሮሶፍት ለዊንዶውስ 10 የሚሰጠውን መደበኛ ድጋፍ ጥቅምት 4 ቀን 2018 ዓ.ም. አቁሟል፤ ዊንዶውስ 11 ደግሞ ከኢንቴል በኩል በመርሕ ከስምንተኛ ትውልድ በታች አይቀበልም። ስለዚህ ይህን ማሽን ኢንተርኔት ላይ ብዙ አናስወጣውም፤ ሥራው እቤት ውስጥ ነው።

አሜሪካ ያለው ዘመዳችን በሳምንቱ ደወለ። «የላክሁልህ ካርድ እንዴት ነው?»

«እጅግ በጣም ጥሩ ነው፤ ያለ እረፍት እየሠራ ነው» አለ የአክስቴ ልጅ። አልዋሸም። ባሕር ዳር ውስጥ ሌሊቱን ሙሉ ኳስ ይጫወታል።

የወጣው አይ ስሪ ፕሮሰሰር መሳቢያ ውስጥ ብዙ አልቆየም። ጎን ያለው ኮፒ ቤት ውስጥ ፔንቲየም ጂ 3220 የያዘ ኮምፒውተር አለ፤ እሱም አራተኛ ትውልድ፣ እሱም 1150። ባለቤቱ በዚህ ሁሉ ሽምግልና መሀል ጥግ ይዘው ተቀምጠው፣ ቃል ሳይተነፍሱ ትምህርቱን ጨርሰዋል። መጥተው የጠየቁት አንድ ነገር ብቻ ነው፤ «ሶኬቱ አንድ ነው አይደል?» ነው ተባሉ። ዋጋው ሲነገራቸው ግን መነጽራቸውን አወለቁ።

«ለዚህ አሮጌ?»

«ጋሼ፣ ዶላር ጨምሯል።»

«ይህ ፕሮሰሰር ጠረጴዛህ ሥር ስንት ዓመት ሲቀመጥ እያየሁት አይደለም እንዴ?»

«ቢቀመጥስ» አለ የአክስቴ ልጅ፣ «የሚተካው በስንት ይመጣል?»